«ነግሬው ነበር»

ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ሲያቋርጥ «ነግሬው ነበር፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ» አልኩ። ለመሆኑ የነገረ ሁሉ ከኃላፊነት ይድናል?

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ፒሲ12 የተባለ ሕዋስ ነው። ከአይጥ ነቀርሳ ተገኝቶ በ1976 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም ቀረበ። ሁለት የእድገት መልእክተኞች ተፈተኑበት፤ እነርሱን ያገኙት ስታንሊ ኮኸንና ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ በ1986 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ሁለቱም መልእክተኞች የሚቀሰቅሱት ኤርክ የሚባለውን ያንኑ ኢንዛይም ነው። የኮኸን መልእክተኛ ለደቂቃዎች ብቻ ቀስቅሶ ይተወዋል፤ ሕዋሱ እንደ ወትሮው ይራባል። የሪታ ግን ለሰዓታት ያቆየዋል፤ ኢንዛይሙ ወደ ሕዋሱ አስኳል ዘልቆ ይከማቻል፤ የጂኖቹም ሥራ ይለወጣል። በቀናት ውስጥ ያ የነቀርሳ ዘር መራባቱን ትቶ፣ ቀጫጭን ክሮች ዘርግቶ የነርቭ ሕዋስ ይመስላል። መልእክቱ ከተቋረጠ ግን ክሮቹን ያጣል።

እርግጥ ሰው ሕዋስ አይደለም፤ ወንድሜም የራሱ ፈቃድ አለው። ይሁንና የእኔ ምክር ከአንድ ምሽት አላለፈም። ቃሌ ትክክል ነበር፤ አብሬው ግን አልቆየሁም። እንግዲህ ምክሬ ደጁን አንኳኩቶ ተመለሰ እንጂ መቼ ገባ? «ነግሬው ነበር» ማለት ያሳፈረኝ ለዚህ ነው።