ግንዱን ውሰጂ፣ ቅጠሉን ተዪ

ልጄ፣ ሙኔሳ ደን ውስጥ የፈረንጅ ጥድ ለማሳሳት መመደብሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የትኛው ዛፍ እንደሚወድቅ፣ የትኛው እንደሚቆም ትምህርት ቤት አስተምረውሻል። እኔ አጎትሽ ዕድሜዬን ደን ውስጥ ስላሳለፍኩ፣ የምመክርሽ ዛፉ ከወደቀ በኋላ መሬት ላይ ስለሚቀረው ነገር ነው።

ጥዱ በ2.5 ሜትር ርቀት ከተተከለ በአንድ ሄክታር 1,600 ዛፍ ይቆማል። ዓመታት ሲያልፉ ቅርንጫፉ ይገጥምና ፀሐይ መሬት መድረሷን ታቆማለች። ከሥሩ ብትገቢ ሣር አታገኚም፤ ያለው ቶሎ የማይበሰብስ የደረቀ ቅጠል ክምር ብቻ ነው። ስታሳሺው ብርሃንና ዝናብ ይገባል፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ቅጠሉን የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን ይበረታሉ። በብስባሹ ታስሮ የኖረው ናይትሮጅን ለቀሩት ዛፎች ይለቀቃል፤ ከካርቦኑ ከፊሉ ወደ አየር ይሄዳል። የሚረግፈው ቅጠልም ለጊዜው ይቀንሳል። ስለዚህ የላይኛው የቅጠል ንብርብር ለጥቂት ዓመታት ቢሳሳ አትደንግጪ፤ ቅርንጫፉ ዳግም ሲገጥም ይመለሳል። ከሥር ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የኖረው ካርቦን በልክ በተሠራ ማሳሳት ብዙም አይነካም፤ የተቆረጡት ዛፎች ሥርም እዚያው ይበሰብሳል። ተዳፋት ላይ ግን አፈሩ እንዳይታጠብ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማውጣት ሁለት ጊዜ ከፋፍለሽ ቁረጪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የዛፉን ክብደት አብላጫ የሚይዘው ግንዱ ነው፤ ከደረቀ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን የሚበዙት በቅጠሉና በቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ነው፤ ካልሲየም ደግሞ በቅርፊቱ። ግንዱን ብቻ ብታወጪ አፈሩ ብዙም አይጎዳም። ዛፉን ከነቅጠሉ ጎትተሽ ካስወጣሽ ግን ለአንድ መኪና ጭራሮ ብለሽ ዓመታት የተጠራቀመ የአፈር ምግብ ትሸጫለሽ። ገዢው ከተስማማ ቅርፊቱንም እዚያው ጫካው ውስጥ አስልጪው።

እዚህ ላይ የሚከብድ ጉዳይ አለ። የእንጦጦን ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠል ጠርገው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። በዚያ ቅጠል እንጀራ ይጋገራል፣ በሽያጩም ልጅ ያድጋል። አፈሩ ራቁቱን ቀርቶ ጎርፍ ሲወስደው አይቻለሁ፤ ጥፋቱን በእነሱ ላይ የሚጭን ሰው ግን ያሳዝነኛል። አንቺም ዘንድ የመንደሩ ሴቶች ይመጣሉ። ዘበኛ አቁመሽ ብትከለክያቸው በሌሊት ይገባሉ፤ ማገዶ የሌላት እናት ምን ታድርግ? ይልቅ ሥራው ሳይጀመር ከሽማግሌዎቹም ከሴቶቹም ጋር ተቀመጪ። ወፈር ያለውን ቅርንጫፍ ይውሰዱ፤ ፍሙ ይቆይላቸዋል፣ ከቅጠሉ ጋር ሲተያይም ከአፈሩ የሚወስደው ምግብ ያነሰ ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን ይተዉልሽ። ቃል የገባሽላቸውን እንጨት ደግሞ ለሌላ ነጋዴ እንዳታሳልፊ፤ አንዴ ከተከዱ ሁለተኛ አያምኑሽም።

ጫካው እንዲጸዳ ብሎ ትርፍራፊውን አቃጥሉት የሚልሽ አለቃ አይጠፋም። በአክብሮት እምቢ በዪ። ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረውን ፖታሲየምና ካልሲየም ደግሞ ተዳፋት ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ ያጥበዋል። ይልቅ ጭራሮውን ተዳፋቱን አቋርጠሽ አጋድሚው፤ አፈሩንም ውኃውንም ይይዝልሻል። የእሳት መከላከያ መስመሩን ግን ሁልጊዜ አስጠርጊ፤ በበጋ ደረቅ ጭራሮ አደገኛ ነው።

ክረምት ላይ ግንድ አታስጎትቺ። እርጥብ አፈር በትራክተር ጎማ ከተረገጠ ለዓመታት ጠጥሮ ይቀራል፤ ውኃ አያሰርግም፣ ሥርም አያስገባም። መጎተቻ መንገዱን አስቀድመሽ ወስኚ፣ ከዚያ ውጪ ማንም እንዳይነዳ።

ሌላም አለ። የተፈጥሮው ደን ቅርብ በሆነበት በኩል ከጥዱ ሥር ዝግባና ጥቁር እንጨት፣ ብሳናም ይበቅላል፤ ዘሩን ወፍና ዝንጀሮ ያመጡታል። ብርሃን ሲያገኙ እድገታቸው ይፈጥናል፤ የብሳና ቅጠል ደግሞ ከጥዱ ቶሎ ስለሚበሰብስ አፈሩን ይመግባል። ቆራጮቹ ለጥንቃቄው ተጨማሪ ካልተከፈላቸው ግንድ የሚጥሉበትን አቅጣጫ አይመርጡም፤ ችግኞቹን ይሰብሯቸዋል። በጀት ስታዘጋጂ ይህን ክፍያ አስገቢ፣ መጋዝ ከመነሳቱ በፊትም እያንዳንዱን ችግኝ በቀይ ጨርቅ ምልክት አድርጊበት።