ጥላው ሲወድቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በስደት ምድር ያላችሁ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣

በጣና ዳር፣ በዘጌ ገዳማት ዙሪያ ቡናው የሚያድገው በትላልቅ ዛፎች ሥር ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ይጋርዱታል። ትልቁ ዛፍ የወደቀ ቀን ግን ከሥሩ ያለው ቡና በአንድ ጊዜ ለፀሐይ ይጋለጣል። አንዳንዱ ቅጠሉ ይገረጣል። አንዳንዱ ደግሞ ብርሃን ስላገኘ ከወትሮው አብልጦ ያፈራል፤ ያየው ሰውም «ለካ ጥላው ነው የያዘው» ይላል። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ ያፈራ ቡና ጉልበቱን በፍሬው ይጨርሳል፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

እኛም እንዲሁ ነን። አዲስ የመጣችውን እኅት የሚቀበሉ፣ የታመመውን የሚጠይቁ፣ የተጣላውን የሚያስታርቁ ታላላቆች ነበሩን። ዛሬ ከእነርሱ ወደ አገር የገቡ አሉ፤ በሞተ ሥጋ የተለዩንም አሉ። ከሥራቸው የነበርነውን ፀሐዩ አግኝቶናል። ከመካከላችን ያለ ዕረፍት ሠርተው ያገኙትን ሁሉ የሚልኩ አሉ። ቤተሰብ ፍሬውን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ቅርንጫፉ ግን እየደረቀ ነው። ጸሎት ቀርቷል፣ ንስሐ ዘግይቷል፣ እንቅልፍ ጠፍቷል።

ነቢዩ ዮናስ ቅሉ ቢደርቅበት ሞትን ለመነ (ዮናስ 4)። እግዚአብሔር ግን ከደረቀው ቅል አሻግሮ የነነዌን ሕዝብ አሳየው። እኛም በሄዱት ሰዎች ኀዘን ብቻ ከተቀመጥን አጠገባችን ያለችውን እኅት አናያትም።

አስተዋይ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ አይጥልም። እርጥበቱ እንዳይጠፋ ከግንዱ ሥር ቅጠል ይጎዘጉዛል። የደረቀውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ቶሎ የሚደርስ ጥላ እንዲሆነው ሙዝ ይተክላል፤ ለነገ ደግሞ የዋንዛ ችግኝ ያቆማል።

እኛም የልባችንን ሥር በጸሎት እናልብስ፤ ጊዜ የሌላት እኅት ከሥራ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ትድገም። የደረቀውን በንስሐ እንቁረጥ። ስለምንልከው ገንዘብ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ እንመካከር፤ ልጅ የሚወድ ወላጅ ልጁ እንድትደርቅ አይፈልግም። ሁለት ሦስት ሆነን እንጠያየቅ፤ ከአሠሪ ቤት መውጣት ለማትችለው አጭር የድምፅ መልእክት እንኳ ጥላ ነው። ልጆቻችንን በቤተ ክርስቲያን እናሳድግ፤ የነገዎቹ ዋንዛዎች እነርሱ ናቸውና።

የሙዙም የዋንዛውም ጥላ አንድ ቀን ያልፋል። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 120 የዘመረለት፣ በቀንም በሌሊትም የሚጋርደው አምላክ ግን አያንቀላፋም። እርሱን ተጠግተን ለሌላው ጥላ እንሁን። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ አዲስ የመጣ ሰው ፈልገን «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» እንበል።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።