የማይቆስል ጀግና ደፋር ሊባል ይችላልን?

የሥዕላዊ ጀግና ታሪክ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ዓይነት ክርክር አይጠፋም። ከሁለቱ ጀግኖች ማን ያሸንፋል? ይህኛው ስንት ቶን ያነሣል? ባለፈው ታሪክ የመድፍ ጥይት ያልበሳው ገላ በዚህኛው በቡጢ እንዴት ደማ? ከውጭ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ነገሩ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ይመስላል። በዓለም ላይ ስለሌለ ሰው ጉልበት መጨቃጨቅ ምን ይጠቅማል? ይሁንና ክርክሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ከሥሩ ሁለት የቆዩ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ይገኛሉ፤ አንደኛው ስለ ቃል መጠበቅ፣ ሁለተኛው ስለ ድፍረት ምንነት ነው።

«ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች፣ ካርቱም ታነባለች» የሚለው አባባል የታወቀ ነው። ካርቱም ግን አንባቢ ብቻ ሆና አልኖረችም። በ1946 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው «አል ሲብያን» የተሰኘው የልጆች መጽሔት የሱዳን የራሷ ሥራ ነበር፤ በድምፃዊነቱ ይበልጥ የሚታወቀው ሸርሐቢል አሕመድም ከመጽሔቱ ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። በ1964 ደግሞ ቤይሩት ሱፐርማንን በዓረብኛ ማተም ስትጀምር ክላርክ ኬንት የተባለው ጋዜጠኛ «ነቢል ፈውዚ» የሚል ስም ወጣለት። የስሙ መለወጥ ታሪኩን አላፈረሰውም። አንድ ቀን ያለ ምክንያት ጉልበቱ ቢለወጥ ኖሮ ግን ልጆቹ ሳይቀሩ «ይህማ እሱ አይደለም» ባሉ ነበር። ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ መብረር አይችልም ነበር። የሚዘለው የአንድ ማይል ስምንተኛ፣ ማለትም 200 ሜትር ያህል ነበር፤ ቆዳውንም ከሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ያነሰ ነገር አይበሳውም ተብሎ ተጻፈለት። ልክ የተበጀለት ኃይል ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን መብረር ተጨመረለት፤ ውሎ አድሮም ፕላኔት እስከ መግፋት ደረሰ። በ1943 በሬዲዮ ድራማው ብቅ ያለው ክሪፕቶናይት የተባለው አዳካሚ ማዕድን ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ታሪኮች ገና ሳይጀመሩ ባለቁ ነበር። በ1986 ጆን በርን ታሪኩን ከመነሻው እንደገና ሲጽፍ ኃይሉን ቀነሰለት። ማርቭል በበኩሉ ከ1983 ጀምሮ ባወጣው የገጸ ባሕርያት መመሪያ የየጀግናውን ጉልበት በቶን እየለካ አሠፈረ፤ ለስፓይደርማን 10 ቶን ተሰጠው። ክርክሩ ግን በዚህ አልበረደም። እንዲያውም መለኪያ የተበጀለት ነገር መለኪያውን ሲጥስ ይበልጥ ይታያል።

«ሁሉም ፈጠራ ነው፤ ፈጣሪው እንዳሻው ያድርገው» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ቀላል ነው፤ አጥጋቢ ግን አይደለም። የገበጣን ሕግ ያወጣው ሰው ነው፤ በተፈጥሮ ውስጥ የለም። ሆኖም ተጫዋቹ ጠጠሮቹን ዘርቶ ሲያበቃ፣ መሸነፉን ባየ ጊዜ አንዷን ጠጠር ወደ ራሱ ጉድጓድ ቢያሾልክ ማንም «ጨዋታ ስለሆነ ግድ የለም» አይለውም። አጭበረበረ ይባላል። ደራሲም እንዲሁ ነው። «ጀግናዬ ይህን ይችላል፣ ያንን አይችልም» ባለ ጊዜ ከአንባቢው ጋር ውል ይገባል። አንባቢው ለጀግናው የሚሰጋው በዚህ ውል ነው፤ ውሉ ሲፈርስ ሥጋቱም ተስፋውም ዋጋ ያጣሉ።

ይህ ማለት ግን ጀግና አይለወጥም ማለት አይደለም። የሶምሶን ታሪክ ልዩነቱን አጥርቶ ያሳያል። ጉልበቱ ከናዝራዊነት ስእለቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ምልክቱም ያልተላጨ ጠጉሩ ነው። ደሊላ ስታስላጨው ጉልበቱ ተለየው፤ በወኅኒ ሳለ ጠጉሩ ማደግ ጀመረ፤ በመጨረሻም ፈጣሪውን ለምኖ ምሰሶዎቹን ገፋ። ብርቱው ደከመ፣ ደካማው በረታ፤ አንባቢ ግን ተታለልኩ አይልም። ለውጡ ከታሪኩ ምክንያት የወጣ እንጂ ተራኪው ከጭንቅ ለመውጣት ያመጣው አይደለምና። የፉከራ ባህልም ከዚህ የራቀ አይደለም። «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣ ሰው ቢያጋንን ማንም በሜትር አይለካበትም፤ ማጋነን የፉከራ ወግ ነው። ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ዋልሁ ቢል ግን መሳቂያ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። አርስቶትል ድፍረትን ከፍርሃትና ከሞት ጋር አያይዞ ይመረምራል፤ በእርሱ ዘንድ ደፋር የሚባለው በተለይ በጦር ሜዳ የከበረ ሞትን ሳይርድ የሚጋፈጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ጥይት የማይበሳው ሰው ወደ ጥይት መራመዱ ምን ያስመሰግነዋል? ዝናብ የማያርሰው ሰው በዝናብ እንደ መሄዱ ነው። ከኦምዱርማን ወጣ ብሎ በሚገኘው ካረሪ፣ መስከረም 2 ቀን 1898 ወደ መትረየስ የተራመዱት የማህዲያ ተዋጊዎች በአንድ ማለዳ ከ10,000 በላይ ወደቁ። ዓላማቸውን የሚደግፍም የሚነቅፍም ይኖራል፤ ድፍረታቸውን ግን የወጓቸው እንኳ አልካዱም። የእነርሱ ገላ ይበሳ ነበር።

ለሱፐርማን ጠበቃ የሚቆም ሰው ብርቱ መከራከሪያ አለው። ቆዳው ባይቆስልም ልቡ ይቆስላል፤ የሚወዳቸውን ሊያጣ ይችላል፤ ሁሉን ማድረግ እየቻለ ራሱን መግታትም ትግል ነው ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክሩን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። ያ ጀግና ትዕግሥተኛ፣ ፍትሐዊ፣ ርኅሩኅ ሊባል ይችላል፤ ደፋር የሚባለው ግን የሚያጣው ነገር ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ «ምን ይበሳዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ሳያውቀው የሥነ ምግባር ጥያቄ እየጠየቀ ነው። በ1992 አሳታሚዎቹ ሱፐርማንን ሲገድሉት ብዙ አንባቢ ደነገጠ፤ በ1993 ሲመልሱት ግን ያ ድንጋጤ ወደ ኋላ ተመልሶ ረከሰ። ከውሎች ሁሉ ከባዱ ሞት ነውና እርሱ ከፈረሰ ሌላው ሁሉ ይላላል።

በ2018 «ጀምበር» የተባለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በኢታን ኮሚክስ በኩል ብቅ ሲል፣ በቀጣዩም ዓመት «ሐዊ» ስትከተለው፣ ለኢትዮጵያ ልጆች የራሳቸው ጀግና ተገኘላቸው። የእነዚህ ጀግኖች ሕግ ገና በመጻፍ ላይ ያለ ነው። ለእንዲህ ያለ ጀግና ደራሲ ከሁሉ የሚያስፈልገው ምክር ምናልባት የጀግናውን ጉልበት ከመተመን በፊት ሊያጣ የሚችለውን መጻፍ ነው።

ይህን ለማወቅ ካርቱም ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ብዙ ሺህ ነዋሪዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ከተማዋን ጥለው ወጡ፤ ብዙዎቹ በመተማ በኩል ተሻገሩ። በቀሩት መካከል ግን የሠፈር ወጣቶች የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎችን አቋቁመው፣ «ተኪያ» በሚባሉት የጋራ ማእድ ቤቶች ለጎረቤት ፉልና ምስር ቀቀሉ። ከድስቱ አጠገብ የቆመው ሰው ቆዳ እንደማንኛውም ሰው ቆዳ ስስ ነበር፤ መድፉም ይህን ያውቃል። እርሱም ያውቃል፤ አውቆም በማግሥቱ እሳቱን ያነድዳል።