መቃብራቸው ላልታወቀ አያቶች ያለብን ዕዳ

የሰው ልጅ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ያለው ጉጉት ከጥንት ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። በዘመናችን ይህ ጉጉት ጎልቶ ከሚታይባቸው ወገኖች መካከል ከአየርላንድ የተሰደዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ይገኛሉ። ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውስትራሊያ ተነሥተው፣ የቅድመ አያታቸውን ስም በወረቀት ይዘው፣ ሣር በዋጣቸው የገጠር መካነ መቃብሮች ውስጥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዞራሉ። የሚፈልጉት ርስት አይደለም፤ ገንዘብም አይደለም፤ ዐፅም ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሞተን፣ በዓይናችን አይተን የማናውቀውን ሰው መቃብር መፈለግ ግዴታ ነውን? ወይስ ከንቱ ድካም?

ጥያቄውን በሚገባ ለመመርመር አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1841 በተደረገው ቆጠራ የአየርላንድ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ1845 የድሀውን ዋና ምግብ፣ ድንችን፣ የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። እስከ 1852 በዘለቀው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በጠኔና በተስቦ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በኮርክ አውራጃ፣ በስኪበሪን ከተማ አጠገብ በሚገኘው በአቢስትሩሪ መካነ መቃብር ብቻ ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመቱ ሰዎች ያለ ስም በጅምላ ጉድጓድ ተቀብረዋል። ከሞት ለማምለጥ በመርከብ ከተሳፈሩትም መካከል በ1847 ከ5,000 በላይ የሚሆኑት በካናዳ በግሮስ ኢል ደሴት ላይ አፈር ለብሰዋል። እነዚህ የትውልድ አገራቸውን አጥተዋል፤ የሄዱበትንም አላገኙም።

ድሀ ከሞተ በኋላም ድሀ ነው። ስም የተቀረጸበት ሐውልት ማቆም የሚችለው ባለጸጋው ነበር፤ ድሀው ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ በራስጌው ቢደረግለት ትልቅ ነገር ነው። የመንግሥት የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1864፣ ማለት ረኃቡ ካለፈ በኋላ ነው። በጁን 30 ቀን 1922 በእርስ በርሱ ጦርነት ምክንያት በደብሊን የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል አመድ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት የአራት ቆጠራዎች መዝገቦች ደግሞ ቀደም ሲል በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር። የካቶሊክ ቁምስናዎች መዛግብት ተርፈዋል፤ ከ2015 ጀምሮም የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ማንም በነጻ እንዲያያቸው በኢንተርኔት አቅርቧቸዋል። ይሁን እንጂ ቆሞሶቹ በጥንቃቄ ይመዘግቡ የነበረው ጥምቀትንና ጋብቻን ነው፤ ቀብርን የመዘገቡት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ፈላጊው ቅድመ አያቱ የተጠመቁበትንና የተዳሩበትን ቀን ያገኝ ይሆናል፤ የተቀበሩበትን ግን አያገኝም።

በዚህ ፍለጋ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ቆጠራ እንዲርቁ ማስጠንቀቁ ነው። በእርግጥም የዘር ሐረግ የሚፈለገው ከታላላቆች ጋር ተቆጥሮ ለመመካት ከሆነ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ይመለከተናል። ሁለተኛው ተቃውሞ የቅድስት ሞኒካ ምሳሌ ነው። ሞኒካ በባሏ አጠገብ ለመቀበር ትመኝ ነበር፤ መቃብሯንም አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። በ387 በባዕድ አገር በኦስትያ ለሞት ስትቃረብ ግን ሥጋዋ የትም ቢያርፍ እንዳይጨነቁ፣ በጌታ መሠዊያ ፊት ብቻ እንዲያስታውሷት ልጆቿን ለመነች። እንዲህ ከሆነ ድንጋይ ለድንጋይ መዞር ምን ይጠቅማል?

ልጇ ቅዱስ አውግስጢኖስ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቆ አንድ ድርሳን ጽፎ ነበር። የቀብር ሥርዓት ከሟቹ ይልቅ በሕይወት ያለውን እንደሚያጽናና፣ መቃብር ያላገኘ ጻድቅም በዚህ ምክንያት አንዳች እንደማይጎድልበት ያስተምራል። ነገር ግን በዚያው አያበቃም። ልጅ የአባቱን ልብስና ቀለበት በፍቅር የሚጠብቅ ከሆነ፣ ከልብስ ይልቅ የቀረበውን ሥጋውንማ እንዴት ሊንቅ ይችላል ይላል። እንግዲህ ሁለቱን ማስማማት ይቻላል። መቃብሩ ለሙታን መዳን አስፈላጊ አይደለም፤ ለፍቅራችን እውነተኛነት ግን ምስክር ነው። አብርሃም ሣራን ለመቅበር የመክፌላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር የገዛው፣ ዮሴፍም ዐፅሙን ከግብጽ እንዲያወጡለት ወንድሞቹን ያማለው በከንቱ አይደለም።

እንግዲያስ እውነተኛውን ፍለጋ ከከንቱው የምንለየው በምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን መለያው በፍለጋው ላይ የሚያሳፍር ነገር ሲገጥም የምናደርገው ነው። ክብርን የሚፈልግ ሰው፣ ቅድመ አያቱ በድሆች መጠለያ ውስጥ መሞታቸውን ባነበበ ጊዜ መዝገቡን ይዘጋል። ዕዳውን ለመክፈል የሚፈልግ ግን ይቀጥላል።

በአየርላንድ ይህ ፈተና ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚጸናው በሕፃናት መቃብር ላይ ነው። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተባረከው መካነ መቃብር አይቀበሩም ነበርና፣ አባት የልጁን አስከሬን ታቅፎ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ ወደ ፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ እርሻ ወሰን ሄዶ ይቀብር ነበር። ሥፍራው በአየርላንድ ቋንቋ ‹ኪሊን› ይባላል። ልማዱ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። በ2007 የዓለም አቀፉ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ያለ ጥምቀት የሞቱ ሕፃናት እንደሚድኑ ተስፋ ለማድረግ ጽኑ ምክንያት እንዳለ ገልጿል። ይህ ተስፋ ለእነዚያ እናቶች በጊዜው ቢነገራቸው ኖሮ ምንኛ ባጽናናቸው ነበር!

የቱዋም ጉዳይም ሊሸፈን አይገባውም። ከ1925 እስከ 1961 በገዳማውያት እኅቶች ይተዳደር በነበረው የእናቶችና የሕፃናት ቤት የሞቱ የ796 ሕፃናት የሞት ምዝገባ የተሰበሰበው በታሪክ ተመራማሪዋ በካትሪን ኮርለስ ትዕግሥት ነው፤ ነገሩም በ2014 ለዓለም ተሰማ። በ2017 መርማሪ ኮሚሽኑ በሥፍራው የሰው ዐፅም መገኘቱን አረጋገጠ፤ በ2021 እኅቶቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ዐፅሙን የማውጣቱ ሥራም በ2025 ተጀመረ። በዚህ ላይ ‹የሞቱትን እንተዋቸው፣ መሠዊያው ላይ እናስባቸዋለን› ማለት የሞኒካን ቃል መከተል አይደለም። ሞኒካ መቃብሯን የተወችው በራሷ ፈቃድ ነው፤ እነዚያ ሕፃናት ግን መቃብር የተነፈጉት በሌሎች ነው። የራስን መብት መተው ትሕትና ነው፤ የሌላውን መብት መተው ግን በደል ነው። ስለዚህ የተበደለን ሟች መቃብር መፈለግ ከፍትሕ ተግባር ይቆጠራል፤ ሙታንን መቅበርም ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታስተምራለች።

ነገር ግን መዝገቡ ሁሉ ተመርምሮ መቃብሩ ባይገኝስ? በአቢስትሩሪ ጉድጓድ ፊት የሚቆም ሰው፣ ከእነዚያ ሺህዎች መካከል የእርሱ የትኛው እንደ ሆነ ሊለይ አይችልም። የእኔ ላለው ብቻ ሊጸልይ ቢፈልግም አይሆንለትም፤ ለሁሉም መጸለይ ግድ ይሆንበታል። አንድ አያት ሊፈልግ መጥቶ ብዙ ወገን አግኝቶ ይመለሳል። ይህ ግን ለስንፍና ማመካኛ መሆን የለበትም። ወረቀት ካለ ማንበብ፣ ሽማግሌ ካለ መጠየቅ ይገባል፤ በእግዚአብሔር ላይ የሚጣለው ከእኛ አቅም በላይ የሆነው ብቻ ነው። የሙሴን መቃብር ማንም ሰው እስከ ዛሬ አያውቀውም፤ ቅዱስ መጽሐፍ ግን የቀበረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1984፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1977፣ አገራችን በረኃብ በተመታች ጊዜ የአየርላንድ ሕዝብ የራሱን ረኃብ አስታውሶ እጁን ዘርግቶልናል። በዚያን ጊዜ በኮረምና በሌሎችም መጠለያዎች ስማቸው ሳይጻፍ የተቀበሩ ወገኖች አሉን። የሚያስታውሷቸው ዘመዶች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ ግን አይኖሩም። የልጅ ልጆቻቸው አንድ ቀን መፈለጋቸው አይቀርም። ስለዚህ በየቤታችን የምናውቀውን ስምና ሥፍራ ዛሬውኑ እንጻፍ፤ በየቁምስናችንም የሙታንን መዝገብ ከጥምቀቱ መዝገብ ባላነሰ ጥንቃቄ እንያዝ። ስማቸውን ላጣነውም፣ ስማቸውን የማይረሳ አምላክ ዕረፍትን ይስጥልን።