የፈረሱ እምቢታና የፈረሰኛው ኃላፊነት

በክረምት ወራት ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ወደ አሰላ የሚወርድ ፈረሰኛ በመንገዱ ላይ ብዙ ቦይና ፈፋ ያጋጥመዋል። በበጋ ያለ ሐሳብ የተሻገረው ስንጥቅ በሐምሌ ዝናብ ሰፍቶ፣ ዳርና ዳሩ ተሸርሽሮ፣ ድፍርስ ውኃ ሞልቶት ይጠብቀዋል። ፈረሱ በሶምሶማ መጥቶ ከአፋፉ ሲደርስ የፊት እግሮቹን ተክሎ ቀጥ ይላል። ፈረሰኛው በተረከዙ ጎኑን ይጎስመዋል፤ ፈረሱ ግን ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ያፈገፍጋል። በዚህ ጊዜ አለንጋ የያዘችው እጅ ወደ ላይ ትነሣለች። ፈረሱ በቆመበትና አለንጋው በሚያርፍበት ቅጽበት መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ቢሆንም አንድ ትልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ይኸውም፣ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው እምቢታ ሲገጥመው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ማንን ነው? የታዘዘውን ነው ወይስ ራሱን?

የአሰላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጥ፣ የጭላሎ ጫፍ ደግሞ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላቸው። በዚህ የገብስና የስንዴ ደጋ ፈረስ የሰው ልጅ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ኖሯል፤ ገበያ የሚወጣው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሙሽራ የሚያጅበው በፈረስ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክም ፈረስ ለጌታው ስም እስከ መስጠት ደርሷል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው የታወቀ ነው። ከዚህ ልማድ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፈረሱ ሲዘልና ሲያሸንፍ ክብሩ የፈረሰኛው ነው፤ ሲቆም ግን ጥፋቱ የፈረሱ ብቻ ይሆናል። ድሉን ለራስ፣ ውድቀቱን ለሌላው የሚያደርግ ሒሳብ ደግሞ ትክክለኛ ሒሳብ ነው ለማለት አይቻልም።

ፈረስ የሚቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የሚገኙ በመሆናቸው ዙሪያውን በሰፊው ያያል፤ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ቅርብ ቦታ ግን አያይም። ስለዚህ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለመገመት አንገቱን ቀና ዝቅ ማድረግ ያስፈልገዋል። ፈረሰኛው ሠግቶ ልጓሙን ሲያጠብቅበት ይህን ማድረግ ይሳነዋል፤ ያላየውን ነገር ዝለል ተብሎ ይታዘዛል። ከዚህም ሌላ ኮርቻ የላጠው ጀርባ፣ ልጓም ያቆሰለው አፍ፣ የተሰነጠቀ ሰኮና፣ ወይም ቀደም ሲል የወደቀበት ቦይ ትዝታ ሊኖር ይችላል። አፍ አውጥቶ መናገር ስለማይችል ሕመሙንና ፍርሃቱን የሚገልጸው በመቆም ነው። ይህን ሳይመረምር አለንጋ የሚያነሣ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ተረት ይደርስበታል። ሊመረምረው የሚገባው የራሱን ኮርቻ፣ የራሱን ልጓምና የራሱን እጅ ነበርና።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ከ2300 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የኖረው ግሪካዊው የጦር አዛዥና ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፈረስን በቁጣ መቅረብ እንደማይገባና ፈረስ ተገድዶ የሚሠራውን ነገር እንደማይረዳው አስተምሯል። መዝለል ያልለመደ ፈረስ ሲያጋጥምም ሰውየው ለኮውን ይዞ ጉድባውን ራሱ አስቀድሞ እንዲሻገር መክሯል። ዜኖፎን ፈረሱ በዚህም እምቢ ካለ ከኋላው በጅራፍ እንዲመታ መፍቀዱ አይካድም። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ጅራፉ የመጣው ጌታው ራሱ ጉድባውን ከተሻገረ በኋላ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ኢጣሊያዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907 እ.ኤ.አ.) ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ተመለከተው። በዘመኑ ፈረሰኞች መሰናክል ሲዘሉ ወደ ኋላ ተንጋለው ልጓሙን ይስቡ ነበር። ካፕሪሊ ፈረሶች ሰው ሳይጫናቸው እንዴት እንደሚዘሉ አጥንቶ፣ ፈረሰኛው ከፈረሱ ጋር ወደ ፊት እንዲያዘነብልና ልጓሙን እንዲያላላ አስተማረ። ዘዴው በመላው ዓለም የዝላይ ግልቢያ መሠረት ሊሆን በቅቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብዙ ፈረስ ከአጥሩ ይልቅ የፈራው በዝላዩ ጊዜ አፉንና ወገቡን የሚያገኘውን ሥቃይ ነበር፤ የሥቃዩም ምንጭ ዝለል ብሎ የሚያዝዘው ሰው ራሱ ነበር።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ከቦዩ ማዶ በምጥ የተያዘች ሴት እርዳታ ትጠባበቃለች እንበል፤ ጎርፉ እየሞላ፣ ቀኑም እየመሸ ነው። ፈረሰኛው ፈረሱን ሲያባብል ሊያድር ነውን? ደግሞስ ልምድ የወለደው እልኸኝነት የለምን? እነዚህ ጥያቄዎች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። በመቆሙ ብቻ ወደ ቤቱ የተመለሰ ፈረስ በሚቀጥለውም ጊዜ መቆምን ይማራል። ስለሆነም መታገሥ ማለት ማዘዝን መተው ማለት አይደለም። ትእዛዝ ግን የሚቀድሙት ነገሮች አሉ፤ ፈረሱ ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የሚዘለውን እንዲያይ መፍቀድ፣ ከአቅሙ የማይበልጥ መሆኑን መለካት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በጭንቅ ሰዓት ሊሟላ አይችልም። መሟላት ያለበት በበጋው፣ በጠባቡ ቦይ፣ መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በችኮላ ቀን በአለንጋ የተገኘ ዝላይ ለሌላ ቀን አያስተማምንም። ያ ፈረስ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮችን ይፈራል፤ ቦዩንና ጌታውን።

በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ይኸው ጥያቄ በዓለም ፊት ተነሣ። አምስት የስፖርት ዓይነቶችን በሚያጣምረው የዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር ጀርመናዊቷ አኒካ ሽሎይ እየመራች ወደ ግልቢያው ገባች። በደንቡ መሠረት ፈረሱ የደረሳት በዕጣ ሲሆን ለመተዋወቂያ የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሴይንት ቦይ የተባለው ፈረስ አልዘልም አለ። ጋላቢዋ እያለቀሰች በአለንጋ መታችው፤ አሠልጣኟም ፈረሱን በቡጢ በመምታቷ ከውድድሩ ተባረረች። ከ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላም ግልቢያ ከዚህ ስፖርት እንዲወጣ ተደረገ። በዚህ ድርጊት የሁለት ሰዎችን ጭካኔ ብቻ አይቶ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ከእነርሱ አስቀድሞ፣ በረጅም ጊዜ የሚገነባው መተማመን በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲገኝ የጠበቀ ደንብ ነበር። አለንጋው የተነሣው ደንቡ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፈረስ ወደ ሰው ሲመጣ ንጽጽሩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሰው ጋላቢ የሚያስፈልገው ፍጡር አይደለም፤ ይናገራል፣ ያመዛዝናል፣ የራሱን መንገድ ይመርጣል። በመሆኑም በሰው ላይ ኃላፊነት የተሰጠው ካድሬ፣ መምህር ወይም የኪነት ቡድን መሪ ከፈረሰኛው የበለጠ ተጠያቂ ነው፤ ጠይቆ መልስ ማግኘት ይችላልና። የአርሲ ደጋ ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። በ1978 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ሲካሄድ ገበሬው ከየቀዬው ተነሥቶ በመስመር በተሠሩ ቤቶች እንዲሰፍር ተደረገ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የመጠጥ ውኃ በቀላሉ እንዲዳረሱ የሚል ዓላማ ተነግሮ ነበር። ገበሬው ግን ከእርሻውና ከከብቶቹ ግጦሽ የራቀበትን ርቀት ጧትና ማታ በእግሩ ይለካው ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙዎች መንደሮቹን ትተው ወደ ቀድሞ ቀዬአቸው ተመለሱ። ዓላማው ለሕዝብ ይጠቅማል መባሉ የሕዝቡን ምክንያት ከመስማት እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ አልመልስም ያለ ተማሪም እንዲሁ ነው። ምናልባት ከኋላ ወንበር ሆኖ ጽሑፉ አይታየው ይሆናል፤ ምናልባት ባለፈው ሳምንት ሲሳሳት ተሥቆበት ይሆናል። ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ለመምህሩ ድካም የለውም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ተማሪው ነው።

ወደ ጭላሎ ግርጌ ለመመለስ ያህል፣ ልምድ ያለው ፈረሰኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከኮርቻው ይወርዳል። እጁን ከግላሱ ሥር አስገብቶ ጀርባውን ይዳስሳል፤ ሰኮናውን አንሥቶ ያያል። ከዚያም ቦዩን ራሱ ተሻግሮ፣ ለኮውን ሳይወጥር ከማዶ ይጠብቃል። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ውኃውን ያሸታል። ሊዘል ይችላል፤ ላይዘልም ይችላል። ሰውየው ግን ከማዶ ዞር ብሎ ሲመለከት፣ ፈረሱ አልረግጥም ያለው አፋፍ ከሥሩ በውኃ ተቦርቡሮ አፈሩ በሣር ሥር ብቻ ተንጠልጥሎ ያገኘው እንደሆነ፣ የፈረሱ እምቢታ የሁለቱንም ነፍስ እንዳተረፈ ያን ጊዜ ይረዳል።