በሰው አገር ገበታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ዛሬ በየአቅጣጫው ተበትነናል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥተን አንዳችን ጅማ፣ አንዳችን ሐረማያ፣ አንዳችን ጅግጅጋ እንማራለን፤ ባሕር ተሻግሮ የሚማርም አለ። እናቶቻችን ግን ጅማንም ውጭ አገርንም ለይተው አይጠሩም፤ ሁሉም ለእነርሱ «የሰው አገር» ነው። ታዲያ በሰው አገር የሚማር ክርስቲያን ወጣት ምን ይቀበል? ምን ይተው? ምንስ ይስጥ? በክረምቱ ዕረፍት ተገናኝተን ይህን ስንወያይበት ሰንብተናልና ያገኘነውን እንጽፋለን።

በሰው አገር ከተማሩት ሁሉ አስቀድመው የሚታሰቡን ዳንኤል፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ማርኮ ባቢሎን ካወረዳቸው በኋላ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ሦስት ዓመት እንዲማሩ አዘዘ። ልብ እንበል፤ ትምህርቱን አልጠሉትም። አዲስ ስም ሲወጣላቸውም ሲከራከሩ አናይም። እንቢ ያሉት ለአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከንጉሡ ማዕድ ለመብላት። እንቢታቸውም ስድብ የለበትም። ዳንኤል የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነው። አለቃው ለገዛ ራሱ እንደሚፈራ በነገረው ጊዜም ፍርሃቱን አልናቀም፤ ለዐሥር ቀን ብቻ ጥራጥሬና ውኃ ተሰጥቷቸው ይፈተኑ ዘንድ መጋቢውን ጠየቀ እንጂ። ማንንም ሳያስጠቃ ሃይማኖቱን ጠበቀ።

ይህ ክፍል ሲሰበክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። እኛን ግን ይበልጥ የገረመን በሁለተኛው ምዕራፍ ያለው ነው። ንጉሡ ሕልሙን የሚነግረው ቢያጣ የባቢሎን ጠቢባን እንዲገደሉ ባዘዘ ጊዜ፣ ዳንኤል ወደ አርዮክ ገብቶ እንዳይገድላቸው ማለደ። እነዚያ ሰዎች የእርሱን አምላክ አያመልኩም። በገበታ የተለያቸውን በሞት ጊዜ ግን አልተለያቸውም።

የይፋት ቆላ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ እኛ የመጣ ሰው አማራውን፣ አርጎባውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን በአንድ ገበያ ያገኛል፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ላይ የሚቆመውን ገበያ ያየ ያውቀዋል። አገሩ ጥንት የወላስማዎች የይፋት ሱልጣኔት የነበረ ነውና ክርስቲያንና ሙስሊም በጦርነትም በጉርብትናም ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ከብት ለብቻ ያቀርባል፤ ባርኮ የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ማንም አይቀየምም። ሥጋው ይለያል፤ ዳሱ አንድ ነው፤ ቡናው አንድ ነው፤ ለቅሶው አንድ ነው። ዳንኤል መጋቢውን በለመነበት አፍ አያቶቻችን ጎረቤቶቻቸውን ሲያስተናግዱ ኖረዋል።

ይህን ስንቅ ይዘን ነው የወጣነው። ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ የሚማሩት ወንድሞቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ያስጠናሉ። የአንደኛው ልጅ እናት ሙስሊም ናቸው፤ አማርኛም እምብዛም አይናገሩም። በጾመ ነቢያት አንድ ቀን ምሳ አቀረቡ፤ ወንድሞቻችን ተያዩ። እናታችን ገብቷቸው ቅቤ አለመግባቱን በእጃቸው ምልክት አስረዱ፤ ሽሮ ነበር። ረመዳን ሲደርስ ደግሞ ወንድሞቻችን ጥናቱን ወደ ማለዳ አዙረው በልጆቹ ፊት ውኃ እንኳ ሳይጠጡ አስተማሩ። ኦሮምኛ ያስተማሯቸው እነዚያው ልጆች ናቸው፤ በሒሳብ አስተማሪ፣ በቋንቋ ተማሪ ሆኑ ማለት ነው። (አነጋገራቸው ዛሬም ልጆቹን ያስቃል አሉ።)

ከዚህ አንድ ነገር ተገለጠልን። ዳንኤል የመረጠው ጥራጥሬ ነበር፤ እኛም የምንጾምበት ጥራጥሬ ነው። ሥጋ ገበታን ይለያል፤ ሽሮ ግን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ይሆናል። ጾም ከሰው የሚያርቅ አጥር ይመስለን ነበር፤ ለካ አብሮ መብያም ነው።

ባሕር ለሚሻገሩት ደግሞ ከቤተ አምሐራ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ አሉላቸው። ከካቶሊኮች ጋር ያበሩ ስለ ነበሩ በሃይማኖት አንከተላቸውም፤ ሥራቸውን ግን አንክድም። በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሲገናኙ ያግባባቸው ግእዝ ነበር። በ1652 ወደ ጎታ ሄደው አማርኛንና የአገራቸውን ነገር አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ትምህርት የተገኙ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 መርከብ ተሰብሮ ሞተው ነበርና መጻሕፍቱን አላዩም። በሰው አገር የጠቀማቸው በአገራቸው የተማሩት ነው። ወደ እኛ የመጣውን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንንም እናስብ። ከጢሮስ መጥቶ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ሕዝቡን አወቀ፤ ቅዱስ አትናቴዎስም ጳጳስ ላክላቸው ሲባል ከእርሱ የሚሻል አላገኘምና እርሱኑ ሾሞ መለሰው።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ብዙ ጉርብትናም ቆስሏል። ከዚያ ወዲህ «የጥንቱ ገበታ አበቃ፤ ሁሉም ከወገኑ ጋር ይብላ» የሚል ንግግር በየዶርሙ ይሰማል። በእኛም መካከል የሚናገረው አለ፤ ቁስል አለበትና አንፈርድበትም። ነገር ግን ዳንኤልም ከተማው ተወርሮ፣ የቤተ መቅደሱ ዕቃ ተዘርፎ የተማረከ ልጅ ነበር። የጠቢባኑን ነፍስ የለመነው ሳይጎዳ ቀርቶ አይደለም።

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄዱ ታናናሾቻችን ሆይ፤ በደረሳችሁበት አገር አስቀድማችሁ ሰላምታውን ተማሩ፤ ቀጥሎ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ ጠይቁ። እናቶቻችሁ በሶ ሳይቋጥሩላችሁ አይቀሩም። ዶርም እንደገባችሁ በጥብጡትና አልጋው አጠገባችሁ ያለውን ልጅ ጥሩት፤ በሶ የማንንም ሃይማኖት አይነካም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።