የአረማውያን መልክ በክርስቲያኖች ሥዕል

የቤተ ክርስቲያንን የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ታሪክ በምናስተምርበት ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ አረማውያን ለአማልክቶቻቸውና ለተረቶቻቸው ያበጁትን መልክ ክርስቲያን የእምነቱ መግለጫ ሊያደርገው ይገባዋልን? የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ ቤተ ክርስቲያን ሁሉን አጥምቃ ተቀበለች የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ችኩል ነው።

ቀላሉን እናስቀድም። በየቁምስናው አዳራሽ ተሰቅሎ የምናየው፣ በግ በትከሻው የተሸከመው መልካም እረኛ፣ መልኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው። በ2ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ጳውሳንያስ የተባለ ግሪካዊ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ሄርሜስ የተባለው ጣዖት አውራ በግ ተሸክሞ የታናግራን ከተማ ቅጥር በመዞር መቅሠፍትን አራቀ ተብሎ ይታመን ነበር፤ በበዓሉም ቀን በመልኩ የተመረጠ ወጣት በግ ተሸክሞ ቅጥሩን ይዞር ነበር። የሮም ክርስቲያኖች በ3ኛው ምእተ ዓመት በካታኮምብ፣ ማለትም ከምድር በታች በፈለፈሉት መቃብራቸው፣ ይህንኑ መልክ ሲሥሉ በልባቸው የነበረው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነው። መልኩ ራሱ ርኅራኄን ይናገራልና ትርጉሙን ለመለወጥ ብዙ አላስቸገረም።

የፀሐይ ነገር ግን እንዲህ አልነበረም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሥር በተደረገው ቁፋሮ በአንዲት ትንሽ መቃብር ጣሪያ ላይ አንድ ሞዛይክ ተገኘ፤ ከራሱ ዙሪያ ጨረር የሚወጣ፣ ነጫጭ ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ የቆመ ሰው ነው። መልኩ አረማውያን የሚያመልኩት ፀሐይ ነው፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን ክርስቶስ ነው ይላሉ። ነቢዩ ሚልክያስ የጽድቅ ፀሐይ ያለውን ለሚያስብ ክርስቲያን ይህ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ ታላቁ ቅዱስ ልዮን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነበረበት ዘመን (440–461)፣ አንዳንድ ምእመናን በዚያው በቅዱስ ጴጥሮስ ደረጃ ላይ ፊታቸውን መልሰው ለፀሐይ ይሰግዱ ነበር። ልዮን በልደት በዓል ስብከቱ ገሠጻቸው። ሲገሥጻቸውም ሁሉንም ጣዖት አምላኪዎች አላላቸውም፤ ምናልባት አንዳንዱ ብርሃኑን ሳይሆን የብርሃኑን ፈጣሪ ያከብር ይሆናል ብሎ አሰበላቸው። ነገር ግን ጣዖትን ትቶ አዲስ የመጣው ሰው ይህን ቢያይ የቀድሞውን ልማድ በእኛ ዘንድ ያገኘ መስሎት ወደ ኋላ ይመለሳልና ተዉት አላቸው። የእኔ አመለካከትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሚመዘነው የመልኩ ትውልድ ሳይሆን በደካማው ወንድም ኅሊና ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የደረሰው እዚሁ ዘንድ ነው።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደውን እንመልከት። በኢጣልያ በፒሳ ከተማ፣ በ2ኛው ምእተ ዓመት የተቀረጸ የሮማውያን የእምነ በረድ የሬሳ ሣጥን አለ። በ1076 ቤያትሪቼ የተባለች ክቡር እመቤት ተቀብራበታለች። በጎኑ የተቀረጸው ግን የፋይድራ ተረት ነው፤ የእንጀራ ልጇን ሂፖሊጦስን ተመኝታ፣ እምቢ ቢላት በሐሰት ከስሳ ያስገደለችው ሴት። ኒኮላ ፒሳኖ የተባለው ቀራጺ በ1260 በዚያች ከተማ ቤተ ጥምቀት የስብከት ሰገነት ሲሠራ፣ የሰብአ ሰገልን ስግደት የምትቀበለውን እመቤታችንን ከዚህች ከተቀመጠችው ፋይድራ ወስዶ ቀረጻት። አቀማመጧና ግርማዋ አንድ ነው።

ይህን የሚሰማ ምእመን ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ንጽሕት ድንግልን ከአመንዝራ ምኞት ምስል መቅዳት ነውር አይደለምን? ተረቱ ተረስቶ ነበር ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ቀራጺውን ባለማወቁ ብቻ ነጻ ማውጣት ነው። እኔስ ቢያውቅም ኖሮ አልከሰውም። ኒኮላ የወሰደው ኃጢአቷን ሳይሆን ንግሥት የሚያስመስላትን ግርማ ነው፤ ግርማውም ቀድሞውኑ የፋይድራ አልነበረም፤ የሰጪው የእግዚአብሔር ነው እንጂ። ማቴዎስም የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርንና ረዓብን አልሸሸገም። በ1260 በፒሳ ለፋይድራ የሚሰግድ ሰው ስላልነበረም፣ ልዮን የፈራው መሰናክል እዚህ የለም።

በዚሁ ሰገነት ማእዘን ላይ ራቁቱን የቆመ አንድ ጐልማሳ አለ፤ አንበሳ ገዳዩ የሄርኩለስ መልክ ነው፤ ብርታት የተባለችው ምግባር ምሳሌ ሆኖ ቆሟል። በእኔ አስተያየት ይህ ለሕዝብ ለማስረዳት ከእመቤታችን ምስል ይልቅ ያስቸግራል፤ ስሙን የሚያውቅ ዛሬም ብዙ ነውና። እንዲህ ያለውን ሥዕል በክፍል የሚያሳይ ካቴኪስት ትርጓሜውን ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን ማንን እንዳዩ ቢጠይቃቸው ይበጃል። ሄርኩለስ ነው ያለ ልጅ ቢገኝ ትምህርቱ ከእርሱ መልስ ይነሣ።